ከጤፍ ትይዩ የነበረው ሰረዝ

መምህር አንተነህ ደምለው ደብተር ይዞ ገበያ መውጣት ሲጀምር የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሁሉ አዘነ ቢባል ማጋነን ነው፤ የሰፈሩ ባለሱቅ ውበቱ ማዘኑ ግን እርግጥ ነው። ድሮ «እሷንም ጨምርበት» ይል የነበረው ሰው አሁን ደብተሩን ገልጦ፣ «ሳሙና ለዚህ ወር ሁለት ነው» እያለ ሦስተኛውን ይመልሳል። ሃያ ወር ሙሉ እንዲህ ኖረ። የሒሳብ አስተማሪ ነውና ማስላቱ አይደንቅም፤ የሚደንቀው ባሰላው መገኘቱ ነው። ስንቱ ነው በመስከረም ዕቅድ አውጥቶ በመስቀል ማግስት የሚረሳው።

ይህ ሁሉ ለቤት ነበር። መምህራኑ የመኖሪያ ቤት ማኅበር አቋቁመዋል፤ እስከ ጥር ሠላሳ ድረስ አርባ ሺህ ብር በዝግ ሂሳብ ያላስገባ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ግንባታው እስኪያልቅ በየወሩ ሁለት ሺህ ይከፈላል። አንተነህ በአሥራ አንድ ዓመት አምስት ኪራይ ቤት ቀይሯል፤ ያሁኑ አከራይ ደግሞ ልጆቹ በግቢው ውስጥ ሲሮጡ ባየ ቁጥር ስለ ኪራይ ጭማሪ ያነሣል። ስለዚህ ይህን ቤት እንደ እህልና ውሃ ነበር የሚፈልገው።

የሱ ደመወዝና ባለቤቱ ማንጠግቦሽ ልብስ ሰፍታ የምታገኘው ሲደመር በወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይሆናል። ኪራይ አራት ሺህ፤ አስቤዛ ሦስት ሺህ አምስት መቶ፤ የልጆች ትምህርትና ባጃጅ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፤ መብራት፣ ውሃና ካርድ ስምንት መቶ፤ እድርና ጽዋ አምስት መቶ። የሚተርፈው ሁለት ሺህ፣ ቁጠባ። ከጤፍ ትይዩ ግን ሰረዝ ብቻ ነበር። ጤፉ አምበር ከተማ አጠገብ ገጠር ካሉት አባቱ በሚኒባስ ይመጣል፤ ገንዘብ ያልወጣበትን ነገር ምን ብሎ ቁጥር ይጻፍለት? መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ደብተር እያሳየ ባልደረቦቹን አስተምሮበታል፤ አንድ ሰው እንኳ ስለ ሰረዙ አልጠየቀውም።

ሠላሳ ስምንት ሺህ ሞልቶ የመጨረሻዋ ሁለት ሺህ ስትቀረው ዘመነ ደወለ። ዘመነ የአክስቱ ልጅ ነው፤ የአባቱን መሬት በእኩል የሚያርሰውም እሱ ነው።

«ቅዳሜ እንዳትቀር» አለው። «ተዝካር አለ።»

«የማን ተዝካር?»

«የአያ ደምለው።»

አንተነህ የተቀመጠበትን ወንበር ጨበጠ። «አባየ ሞቱ?»

«ኧረ ደኅና ናቸው። ዳሱን እየጣልን ነው፤ አጣናውን እሳቸው እያቀበሉኝ።»

የቁም ተዝካር ነበር። እድሜ የጠገበ ሰው በሕይወት ሳለ የራሱን ተዝካር ያወጣል፤ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንተነህም ልጅ ሳለ ድግሱን በልቶ ያውቃል። በገዛ አባቱ ይመጣል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ድንጋጤው ገና ሳይለቀው ጭንቅላቱ ማስላት ጀመረ፤ ሰንጋው ስንት፣ ጌሾው ስንት፣ ማሩ ስንት። የእናቱ የወለተ ኪዳን ተዝካር ሲወጣ ሠላሳ ሺህ ተበድሮ ሁለት ዓመት ከፍሏል። ቤቱ አመለጠኝ፣ አለ በልቡ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣ በሚኒባስ ሄዶ አምበር ወረደና አንድ ሰዓት በእግሩ ተጓዘ። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲደረድር ነበር። ከግቢው ሲደርስ አባቱ በሰባ አራት ዓመታቸው የባሕር ዛፍ አጣና በትከሻቸው ተሸክመው፣ ለገዛ ተዝካራቸው ዳስ ማገር ሲመርጡ አያቸው። የደረደረው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ና ያዝ እንጂ» አሉት።

ያዘ። ዳሱ ሲያልቅ ከቤት ገብተው ተቀመጡ።

«አባየ፣ ስንት ተበደሩ?»

«አንዲትም አልተበደርሁ።»

«ሰንጋውስ?»

«የእናትህ ጊዜ አንተ ተበደርህ። አንድ ቀንም አልነገርኸኝ፤ እኔ ግን ፊትህን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየመኸሩ አንድ ኩንታል ለብቻ ሳስቀምጥ ኖርሁ። አምና ወይፈን ገዛሁበት፤ ዘንድሮ ሰንጋ ሆነ። ልጄ በኔ ሞት አይበደርም አልሁ፤ አለቀ።»

አንተነህ ደስ አለው። የደስታው ምክንያት ምን እንደሆነ ልብ ሲለው ደግሞ ፊቱን የሚያስገባበት ጠፋው። ሰውየው ሞታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል፤ እሱ ሁለት ሺህ ብሩ ተረፈችለት ብሎ ይፈነድቃል።

«ወጪህን በደብተር ትይዛለህ ብሎኛል ዘመነ» አሉ አባቱ። «እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበላቸው፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች። አባቱ ዳዊት ሲደገም እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ሲጨርስ፣ «ድገምልኝ» አሉት። ደገመው።

«ጤፉን አልሰማሁም» አሉ።

«ጤፍማ አንገዛም፤ ከእርስዎ ነው የሚመጣው።»

«እኮ፤ የት ላይ ተጻፈ?»

አንተነህ ገጹን አዞረና አሳያቸው። አባቱ ጣታቸውን ከሰረዙ ላይ አሳረፉ፤ ማረሻ ያሻከረው ጣት ሰረዙን ሸፈነው።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

አንተነህ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

አባቱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «እኔ ሰኞ ገዳም እገባለሁ» አሉት ረጋ ብለው። «ቆብ እደፋለሁ። ተዝካሬን በቁሜ የማወጣውም ለዚሁ ነው። መሬቱን ለዘመነ ሰጥቻለሁ፤ ላቡን ያፈሰሰበት እሱ ነው፣ አምስት ልጅ አለው። አንተ ደመወዝ አለህ። ጤፉ ከእንግዲህ አይመጣም።»

አንተነህ ደነገጠ። ከስልኩ ድንጋጤ ይኼ ባሰ፤ ያኛው «ኧረ ደኅና ናቸው» በሚል ቃል ተነሥቶለት ነበር፣ ይኼኛውን የሚያነሣ ቃል የለም። በወር ሃምሳ ኪሎ ጤፍ፣ ባሁኑ ገበያ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር። በሃያ ወር አንድ መቶ ሠላሳ ሺህ። ለማስላት ወረቀት አላስፈለገውም። ሠላሳ ስምንት ሺህ ቆጠብሁ እያለ በየስብሰባው ሲመክር የኖረው ሰው መቶ ሠላሳ ሺህ ብር በልቶ ኖሯል፤ ከራሱ ኪስ አንዲት ሳንቲም አልቆጠበም።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ» አለ።

«ብነግርህ ታስቀረኝ ነበር። ደግሞ ወጪውን ሁሉ ጽፏል ሲሉኝ እኔንም የጻፍኸኝ መስሎኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እጽፍዎታለሁ። በየወሩ አምስት መቶ ብር እልክልዎታለሁ።»

አባቱ ፈገግ አሉ። «ለመነኩሴ ብር ምን ያደርግለታል? አሁንማ ብትጽፈኝም አልቀበልህ። ቤቱን ሥራ፤ ግን በሌለ እህል አትሥራው።»

ቅዳሜ ካህናቱ መጡ፤ ጸሎት ደረሰ፤ አገር በላ ጠጣ። አባቱ በገዛ ተዝካራቸው እየዞሩ «ብሉ እንጂ» ሲሉ ዋሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች አንተነህ ከዳሱ ጀርባ ሲያለቅስ አግኝተውት፣ «አባትህ በቁማቸው ቆመው ምን ያስለቅስሃል?» አሉት። የጤፍ ዋጋ ነው አይባል፤ ዓይኑን ጠርጎ ወደ ዳሱ ተመለሰ።

እሑድ የመጨረሻውን ኩንታል ሚኒባስ ላይ ጭኖ ተመለሰ። ነገሩን ሁሉ ለማንጠግቦሽ ነገራት። እሷም የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋችና፣ «ደብተሩን አምጣው» አለችው።

ሁለት ሳምንት ሲጽፉና ሲያጠፉ ሰነበቱ። ወደ አንድ ክፍል ቤት ቢዛወሩ፣ ኪራይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ጤፉን በገብስ ቢቀላቅሉት፣ እህል አምስት ሺህ። አስቤዛ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ልጆቹ በእግራቸው ቢሄዱ፣ ለትምህርታቸው ዘጠኝ መቶ። መብራት፣ ውሃና ካርድ ሰባት መቶ። እድሩ አይነካም፤ ጽዋውን እሷ ተወችው፣ አራት መቶ ቀረ። ሲደመር አሥራ ሁለት ሺህ። ለግንባታው የሚከፈለው ሁለት ሺህ ከየትም አልመጣም። አንተነህ ማስጠናት እጀምራለሁ አለ፤ «ሲከፈልህ እንጽፈዋለን» አለችው።

ጥር ሠላሳ ቀን ሁለት ሺህ ብር በኪሱ ይዞ ባንክ በር ድረስ ሄደ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ከደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። «ሞላህ አይደል?» አሉት።

«ሞልቷል» አለ አንተነህ። «ቦታዬን ግን ለተጠባባቂው ስጡት። ከዚህ በኋላ ያለውን መክፈል አልችልም።»

ሰብሳቢው የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። የማኅበሩን ሰው ሁሉ ቆጥቡ እያለ ያስተማረ እሱ ነው።

ያን ቀን ማታ ከራት በፊት አዲስ ገጽ ገለጠ። ከእህል ትይዩ አምስት ሺህ ብሎ ጻፈ። «አባየ» የሚል መስመር ጀምሮ ብዕሩን እንዳነሣ ቆየ፤ የሚሞላበት ነገር አልነበረውም፤ መስመሩን ግን አላጠፋውም። ቁጠባ የሚለው ላይ ሲደርስ ዜሮ መጻፍ ከበደውና ሰረዝ አደረገበት።

«ትክክለኛው ይኼ ነው?» አለች ማንጠግቦሽ ከትከሻው በላይ እያየች።

«ይኼ ነው።»

«እንግዲያው በዚህ እንኑር» አለችና ራት ልታቀርብ ሄደች።