የቀሚሱ አረፋ

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ የእየሩስ ነገር እንዲህ ነበር። በግራ ክርኗ እጥፋት ውስጥ ያለው ችፌ ሁለት ቆርኪ ጎን ለጎን ቢቀመጥበት የሚሸፍነው ያህል ነው፤ የቀኙን አንድ ቆርኪ ይበቃዋል። አይደማም፣ አይመግልም። ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ከዚያ በቀር ጤናዋ እንደ ብረት ነው፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እስከ ግማሽ ሮጣ ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ ትንፋሿ አይቆራረጥም።

ዕድሜዋ ሃያ ነው። ሥራዋ ኮምቦልቻ፣ በፋብሪካ የፈትል ክፍል፤ ሐሳቧ ግን አንድ ብቻ፣ ወታደር መሆን። ቀበሌው የምልመላ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የጤና ምርመራው ከጥምቀት በኋላ ደሴ ላይ ይደረጋል። ባለፈው ዓመት አንድ የሠፈር ልጅ በቆዳ በሽታ ተመለሰ እየተባለ ይወራል። እየሩስ ወሬውን ለማጣራት አልደከመችም። ማጣራት የፈለገችው የገዛ ክርኗን ነው።

አብራት የተከራየችው ከይሪያ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«አንቺ፣ እንዲህ እየፈገፈግሽ ምሽግ ብትገቢ ጠላት ድምፁን ሰምቶ ይተኩስብሻል።»

«አንቺ ስታንኮራፊ ደግሞ ታንክ መጣ ብሎ ይሸሻል።»

«ወላሂ ለራስሽ ነው የምልሽ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀቢው። ከሞት በቀር የማያድነው የለም።»

የእየሩስ እናት ወይዘሮ ሰርካዲስ ግን የሚያምኑት ሎሚ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ይኖራሉ፤ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ሎሚ ለሁለት ከፍለው ይጠብቋታል። ሎሚው ሲያርፍበት እንደ ፍም ይለበልባል። «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» ይላሉ፤ እየሩስም ጥርሷን ነክሳ ትችላለች።

በፈትል ክፍል አንድ ደንብ አለ። ክር እየደጋገመ ሲበጠስ የክፍሉን እርጥበትም፣ የማሽኑን ፍጥነትም፣ ጥጡንም ባንድ ጊዜ የቀየረ ሠራተኛ ይገሠጻል። ክሩ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅምና። አንዱን ቀይር፣ ሌላውን አትንካ፣ ተመልከት። እየሩስ ይህን ደንብ ለክር ሁለት ዓመት ስትሠራበት ቆይታ፣ ለክርኗ ሳታስበው መቆየቷ ራሷን አስገረማት።

መጀመሪያ ሎሚውን ተወች። መለብለቡ ቀረ፤ መቅላቱ ግን ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ቀጥላ ገላዋን ለብ ባለ ውሃ እየታጠበች፣ ቆዳዋ ወዙ ሳይደርቅ ግራ ክርኗን ቫዝሊን፣ ቀኙን የከይሪያን ዘይት ትቀባ ጀመር። ግራው ለሰለሰ። ቀኙ ቆጠቆጣት።

«ዘይቱ ምን በደለ?» አለች ከይሪያ። «ቆዳሽ ነው ያላመነበት!»

«እንግዲያው እስኪያምን ቫዝሊን ይቀባ።»

ሁለቱንም ቫዝሊን ቀባች። ዓርብ ላይ ሲታይ ችፌው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ሰኞ ላይ ሲታይ እንደ ገና ቲማቲም መስሏል። በየሳምንቱ እንዲሁ። ደሴ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር ይነሣል።

«የደሴ ብርድ ነው» አለች ከይሪያ። «አብሽሪ፣ ወታደር ስትሆኚ ሞቅ ያለ ቦታ ይመድቡሻል።»

አንድ ቅዳሜ የሥራ ተራ ይዟት ኮምቦልቻ ቀረች። ሰኞ ክርኗ ሰላም ነበር።

«አላልኩሽም? ብርዱ ነው!»

«ይሆናል። ግን ደሴ ስወጣ የሚለወጥብኝ አየሩ ብቻ አይደለም። ምግቡም፣ አልጋውም፣ ልብሱም ይለወጣል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ወጥታ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትስምበትን ነጭ ቀሚስ ይዛ ወረደች። ከዚያ ክርኗ እስኪረግብ ጠብቃ፣ አንድ እሑድ ቀሚሱን በኮምቦልቻ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ለብሳው ዋለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ክርኖቿ ቀሉ። የደሴ ብርድ ነጻ ወጣ፤ ተጠያቂው ቀሚሱ ሆነ። ቀሚሱን ደግሞ እናቷ የሚያጥቡት በተወቀጠ እንዶድ ነው። የወይዘሮ ሰርካዲስ የእንዶድ እጥበት በሠፈሩ የታወቀ ነው፤ ነጠላቸው ከሩቅ ይለያል።

ችግሩ ይህን ለእሳቸው መንገር ነበር። የከተራ ዕለት ማለዳ ደሴ ስትደርስ፣ ቀደም ብላ የመለሰችው ቀሚስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ ጠበቃት። ምርመራው የጥምቀት ማግስት ነው።

«እማዬ፣ ይህን አልለብስም።»

«ምነው? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ክርኔን የሚበላው እንዶዱ ነው።»

«እንዶድ? እናቴን ያልበላ፣ እኔን ያልበላ፣ አንቺን መርጦ በላሽ? ጦር ሠራዊት ገብተሽም የደንብ ልብሱ አልተስማማኝም ልትይ ነው?»

እየሩስ ሳፋ አምጥታ ንጹሕ ውሃ ሞላችበትና የቀሚሱን እጅጌ ነክራ አሸት አሸት አደረገችው። ውሃው ነጣ። ቀጥሎ አረፋው ተነሣ፤ የሳፋውን ጠርዝ እስኪነካ ተነፋ።

ወይዘሮ ሰርካዲስ አረፋውን አዩ፤ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ተመልሰው አረፋውን አዩ።

«ታጠበ ብዬ ያጣጠፍኩት ልብስ!» አሉ በመጨረሻ። የተሰማቸው የልጃቸው ክርን ይሁን የራሳቸው ሞያ ማን ያውቃል። «እንዶዱ ምን ያድርግ፣ ማለቅለቁ ነው የጎደለው። ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ውሃ ቅጂ!»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ገቡበት። ውሃ እየደፉ፣ ውሃ እየሞሉ፣ ቢያሹት ቢያሹት አንዲት አረፋ እስከማትወጣው ድረስ አለቀለቁት። የጥር ፀሐይ ላይ አሰጡት። እየሩስ ያን ቀሚስ ለብሳ ታቦት ሸኘች፤ እስኪመሽ ስትዘል ዋለች፤ ክርኗን አንዴም አላከከችም።

በምርመራው ዕለት ከይሪያ ልትሸኛት ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጣች። «እጅጌሽን ካልሰበሰብሽ ማን ያያል?» አለቻት በር ላይ።

«እኔ አይቸዋለሁ። የምደብቀው ነገር አይደለም።»

ሐኪሙ ጠና ያለ መኮንን ነበር። ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ችፌ ነው ዶክተር። የሚያስነሣውን አውቄዋለሁ፤ እንዶድና ሎሚ።»

ሐኪሙ ሳቅ አለ። «እኛ እንዶድ አናድልም። ላብና አቧራ ግን እንደ ልብ ነው።»

«ፋብሪካም እንደዚያው ነው። ላቤን ቶሎ ታጥቤ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ አልተነሣብኝም።»

ቆዳዋን በጣቱ ዳሰሰ፣ ክርኗን አጥፎ ዘረጋ፣ ማስመሪያ አስጠጋ። ከዚያ ለረዳቱ ተናገረ፤

«ብቁ ናት፤ ለሩጫው ትቅረብ። ቀኙ ንጹሕ። ግራው ደረቅ፣ ቁስል የለውም፣ ስፋቱ አሥራ አንድ ሚሊሜትር።»

የቆርኪ ግማሽ አይሞላም።