ሙቀቷን የቆጠበችው ማስተዋል

ማስተዋል የዘጠኝ ወር ልጅ ናት። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዛ ተገኘች። አልሞተችም። እናቷ ትርንጎ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች፤ አንድ ምት ሰማች፣ «አባታችን ሆይ»ን እስከ አሜን ደገመች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሰማች።

ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ብርድ አዲስ ነገር አይደለም። ትርንጎ ግን ሲፈጥራት ስጉ ናት፤ ልጇ ስታስነጥስ እንኳ ጎረቤት ትጠራለች። አሁንም ጮኸች። ስህተቷ እሱ ነው፤ በማለዳ የእናት ጩኸት ትርጉሙ አንድ ነው።

ጎረቤቷ እማማ አሰገደች መጡና የልጅቷን እግር ነኩ።

«እኔን! ጋሽ እንግዳሸትን ልጥራ።»

ጋሽ እንግዳሸት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። በዚያ ሰፈር ጥሩምባ አንዴ ከተነፋ ሰው ሳይቀበር ለቀስተኛው አይመለስም፤ ደንብ ነው።

«አልሞተችም እኮ!»

«እናት እንዲህ ትላለች፣ ልጄ» አሉና ሮጡ።

ከግድግዳው ቀዳዳ የቤቱ አይጥ ብቅ አለች። ሰላምታ የማታጓድል አይጥ ናት።

«እንደምን አደርሽ። ምን ያስጮህሻል? ቆጥባ እኮ ነው።»

«ምኑን?»

«ሙቀቷን። ትንሽ ገላ ቶሎ ይበርደዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ማገዶ ከየት ይመጣል? እኔም ሆዴ ባዶ ሲሆን ሙቀቴን ዝቅ አደርገዋለሁ። ማታ ጠብታ ነው ያጠባሻት አይደል?»

ትርንጎ አፈረች። ማታ ጡቷ ነጥፎ ነበር።

«እሳት ዳር ላድርጋት?»

«ተይ! ራሷ ትምረጥ። ደጅ አውጫትና ልቀቂያት። ፀሐይ ስታሞቅሽ ከራስሽ ማገዶ አይጎድልም።»

አወጣቻት። ልጅቷ ዐይኗን ሳትከፍት ዳኸች፤ ጥላውን ትታ፣ እርጥቡን ሣር ትታ፣ ቀስ እያለች ፀሐይ ወደሚመታው የደጅ ድንጋይ። ጋሽ እንግዳሸት በዚያው ሰዓት ከእማማ አሰገደች ጋር ገብተው ጥሩምባውን አነሡ።

«ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! ጥቂት ይታገሱኝ!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው» አሉና ነፉ።

ድምፅ አልወጣም። ደግመው ነፉ፤ ጉንጫቸው እንደ ዱባ አበጠ። የገባው ትንፋሽ ሁሉ እዚያው ቀረ፣ ጥሩምባውም እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ድንጋዩ ላይ ማስተዋል አስነጠሰች፣ ቀላች፣ ጡት ፈልጋ አለቀሰች።

«ብያለሁ እኮ አልሞተችም ብዬ!» አሉ እማማ አሰገደች።

«ጥሩምባዬን ምን ነካው?»

«እሱም ቆጥቦ ነው» አለች አይጧ። «ያስገቡበትን ትንፋሽ ይዞታል። ፀሐይ ካሞቀው ይለቀዋል፤ ጥላ ስር አኑሩት።»

ከቤቱ ኋላ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አኖሩት፤ ለጥንቃቄም ሙቀጫ ጫኑበት። ከዚያ ሁሉም ተሳስቀው ቁርስ በሉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ድንጋዩን መምታት ስትጀምር፣ ትርንጎ በሯን ከፈተች። ሙቀጫው ጓሮ ተንጋሏል። ከጓሮ እስከ ደጅ በውርጩ ላይ የተጎተተ ነገር መስመር አለ። ጥሩምባው ድንጋዩ ላይ ተጋድሟል፣ አፉን ወደ ቤቱ አዙሯል።

እጇን አስጠጋች። ለብ ብሏል።