የእትዬ ዘርፈሽዋል ዝክር በመርከብ ላይ

በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ። አስተናጋጁ መጠጥ ባመጣ ቁጥር ትንሽ ወረቀትና እርሳስ ያቀርብልኛል፤ እኔም ስሜን ከነአባቴ፣ አንዲት ፊደል ሳላጓድል እጽፋለሁ፤ ባዩ ኃይሌ። ወረቀቱ በጣሊያንኛ ስለሆነ ምን እንደሚል አላውቅም። መጠየቅም አፈርኩ። ቡታጅራ ትምህርት ቤት የዱቄት ወተት ሲታደለን መቀበላችንን ፈርመን ነበር የምንወስደው፤ ይህም እንደዚያ መሰለኝ።

መርከቡ ላይ የወጣነው በአክስቴ በእትዬ ዘርፈሽዋል ዕድል ነው። አዲስ አበባ ለንግድ ሄዳ የቆረጠችው ቶምቦላ ወጣላት፤ በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ዐሥር ከምጽዋ ተነሥቶ የዳህላክን ደሴቶች ዞሮ የሚመለስ፣ የአራት ቀን ሽርሽር ለሁለት ሰው። “ፊደል የቆጠርክ አንተ ነህ” ብላ እኔን አስከተለችኝ። መቀነቷ ውስጥ ሁለት መቶ ብር ቋጥራለች። የዕቁብ ብር ነው፤ ስንመለስ መርካቶ አቡጀዲ ልትገዛበት። ዕቁቡን ቀድማ ስለወሰደች ዋስ ጠርታለች፤ ዋሷ አባቴ ነው። ያ ብር ከባከነ በየሳምንቱ የምትጥለው አይኖራትም። ያን ጊዜ የዕቁቡ ዳኛ የሚመጣው የአባቴን በሬ ሊፈታ ነው።

እትዬ ደግሞ ብቻዋን መብላት አይሆንላትም። ገና ከመቀመጧ አላፊ አግዳሚውን “ኑ፣ አረፍ በሉ! ብቻ መብላት ለጅብም አልበጀው!” ትላለች። ለአንዱ ቢራ፣ ለሌላው አራንቻታ የሚሉት የብርቱካን ለስላሳ። እኔ እፈርማለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ሰማን የመርከቡን አጥር ተደግፈው አገኙኝ። የመስቃን ሰው ናቸው፤ ምጽዋ ይነግዳሉ፤ በአነጋገራችን አውቀውን ገበታችን ላይ የማይጠፉ እንግዳ ሆነዋል።

“ባዩ፣ አክስትህ የስንት መኪና ባለቤት ናቸው?”

“መኪና የላትም።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው በምን አቅም ይጋብዙታል?”

“የሚጋብዘው ቶምቦላው ነው” አልኳቸው።

ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ፊቴን ሲያዩ ግን አቆሙ። “ወላሂ፣ አታውቅም? ቶምቦላው የሚችለው መኝታና ምግብ ነው። መጠጡ በኪሳችሁ ነው። የምትፈርመው እኮ ‘እከፍላለሁ’ ብለህ ነው።”

“ካልተከፈለስ?”

“ወደቡ ላይ ፖሊስ አለ፤ ሌላ ምን ይኖራል?”

ዙሪያውን ባየው ውሃ ነው፤ ሮጦ የሚገባበት ጓሮ የለም። ወደ ሒሳብ ክፍሉ መስኮት ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ስሜን ተናገርኩ። ሰውዬው ወረቀቶቹን ደመረና “ስልሳ አንድ ብር” አለኝ።

ለእትዬ ልነግራት ስሮጥ ሴቶች ከብበዋታል። “ነገ የኅዳር ሚካኤል ነው!” ትላለች። “ዝክሬን አስታጉዬ አላውቅም፤ ባሕር ላይ ነኝ ብዬ አልተወውም። የመርከቡ ሰው በሙሉ የእኔ እንግዳ ነው!”

ነጠላዋን ሳብ አደረግኩ። “እትዬ…”

“ቆይ አንተ ልጅ፣ ሰው እያነጋገርኩ!”

በሰው ፊት አፌ አልተፈታም። የመርከቡ ሰው ሰባ ያህል ነው። ሰባውን ሰው በቢራና በአራንቻታ እያባዛሁ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ረፋዱ ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። አስተናጋጆቹ ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ደርድረው ቆሙ። ወረቀቱ መጣ፤ የዛሬው ረጅም ነው።

“ፈርም” አለች እትዬ።

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። “አልፈርምም።”

“ምን አልክ?”

“የሚከፈል ነው፣ እትዬ። እስካሁን ስልሳ አንድ ብር ጠጥተናል። ከዕቁቡ ብር ነው የሚወጣው። ዋሱ አባቴ ነው!”

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማኝ። እትዬ እጇን መቀነቷ ላይ አደረገች። በጥፊ የምትለኝ መሰለኝ። እኔን ሳታይ ወደ አስተናጋጁ ዞረች።

“ውሃስ ይከፈልበታል?”

“ውሃ አይከፈልበትም፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ይህን መልስና ውሃ አምጣ።”

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ራሷ ቀዳች፤ ለእያንዳንዱ ሰው “ስለ ሚካኤል ብላችሁ ቅመሱልኝ” እያለች። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ሳትነካ ተነሥታ ሄደች። አቶ ሰማን ግን ጨልጠው ጠጡ። “ይቀበልልዎ። እኔንማ አራንቻታው ሆዴን ነፍቶኝ ነበር።”

ከዚያ መስኮቱ ዘንድ ሄደን መቀነቷን ፈታች። ብሩን ስትቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። እትዬ ስትፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የእኔ ፍርሃትም የባሰው ያኔ ነው። አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ብር ቀረ። ስንት ጣቃ አቡጀዲ ይገዛል?

“ምጽዋ እስክንደርስ” አለችኝ መቀነቷን እያጠበቀች፣ “ሳታስፈቅደኝ አንዳች ነገር አፍህ እንዳይገባ።”

“ውሃውስ?”

“ውሃውም።”

ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ውሃው ነፃ መሆኑን ራሷ ጠይቃ ሰምታለች። ቢሆንም ሳልጠጣ ከኋላዋ ተከትዬ ወረድኩ።