ትከሻ የሌለው ሰልፍ

ልጄ ሌቨንቴ የፋሲካ ማግስት ሰኞ በጠዋት መጣ። በኛ ሮማንያ ውስጥ በምንኖር ሃንጋሪዎች ዘንድ በዚያ ቀን ወንዶች በየቤቱ እየዞሩ ሴቶችን ሽቶ ይረጫሉ፤ እንዳንደርቅ ነው ይባላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከደረቅኩ ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን አንድም ዓመት ረስቶኝ አያውቅም። ሲረጩ የሚሏትን ግጥም እንደ ልጅነቱ አነብንቦ ያን ርካሽ ሽቶውን አናቴ ላይ አርከፈከፈብኝ። ቀይ እንቁላል ሰጠሁት፣ የፕሪም አረቄአችንን ፓሊንካ ቀዳሁለት። አልነካውም። ሌቨንቴ ፓሊንካ ካልነካ ነገር አለ ማለት ነው።

«እማዬ፣ ኖኤሚን ሮማንያኛው ክፍል ላስገባት ነው» አለኝ።

ኖኤሚ የልጅ ልጄ ናት፤ ያለችኝም እሷው ብቻ። በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። የመንደራችን ትምህርት ቤት ሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው በሮማንያኛ፣ ሌላው በሃንጋሪኛ ያስተምራል። የሃንጋሪኛው አስተማሪ እኔ ሮዛሊያ ነኝ፤ ሌላ የለም። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ የሚሰደዱ ወላጆቻቸውን ተከትለው እየሄዱብኝ ክፍሌ ሳስቶ ሳስቶ ሊያልቅ ደርሷል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ኦቪዲዩ ሮማንያዊ ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። በብርዱ ወራት ቢሮው ጠርቶ «ወይዘሮ ሮዛሊያ፣ አንድ አዲስ ልጅ እንኳ ካመጡልኝ ተሟግቼም ቢሆን ክፍሉን አቆየዋለሁ። ያለዚያ ግን መመሪያው እጄን ይይዘዋል» ብሎኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ «የልጅ ልጄ አለችልዎት!» ብዬው ወጥቻለሁ።

«ትቀልዳለህ?» አልኩት ሌቨንቴን።

«አልቀልድም።»

«ክሪና ናት እንዲህ ያስባለችህ?» ክሪና ሚስቱ ናት፤ ሮማንያዊት።

«ክሪናማ አያቷ ጋ ትማር፣ ሮማንያኛውን እኔ ቤት አስተምራታለሁ ነው የምትለው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይሄኔ ነው እርር ድብን ያልኩት። ምራቴ ብትሆን ኖሮ በወጉ ተጣልቻት ይወጣልኝ ነበር። የገዛ ልጄ!

«የናትህ ቋንቋ አሳፈረህ?»

«አላሳፈረኝም። ኮሎዥቫር ከተማ ኮሌጅ የገባሁ ቀን ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? የመኝታ ቤቱ ተቆጣጣሪ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። እዚህ የሮማንያኛ ግጥም በቃሌ ሸምድጄ ሸምድጄ ሙሉ ውጤት ያመጣሁ ልጅ፣ ሰውየው ምን እንዳለኝ አልገባኝም። ደገመው። አሁንም አልገባኝም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሱቅ ገብቶ ዳቦ መግዛት እየፈራሁ ጾሜን አድር ነበር። ዳቦ እማዬ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው? በሮማንያኛ አፉን ለፈታና ላልፈታ ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያደለው መንግሥት ነው! ለኛ ልጆች እንደ ባዕድ ቋንቋ ከሥሩ ይሰጣቸው ብለን ስንት ጮኽን፤ ሰሚ አጣን እንጂ።»

«ታዲያ ኖኤሚ መንግሥት እስኪታረም ትጠብቅ?»

የመጀመሪያው በረዶ ሳይቀልጥ ኮሌጁን ጥሎ የመጣ ልጅ ነው፤ ዛሬ እንጨት መሰንጠቂያው ዘንድ ግንድ ይሸከማል። አንጀቴን በላው። ግን እልኸኛ ነኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

«ደግ!» አልኩት። «ትምህርት ቤት የፈለገችውን ትማር። እኔ ግን ለልጅ ልጄ አንዲት የሮማንያኛ ቃል ከአፌ አላወጣም። እስክሞት!»

«ማን አውጪ አለሽ» ብሎ ፓሊንካውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ተነሳ። ሽቶው ቀኑን ሙሉ ከጠጉሬ አልለቅ አለኝ።

መስከረም ሲጠባ አዲስ ልጅ አልመጣም። ከትምህርት ቢሮ የተባለው፣ የጀመረ ይጨርስ፣ ከዚያ ክፍሉ ይዘጋ ነው። የጀመረ የተባለው የቀረኝ አንድ ተማሪ፣ ዦምቦር ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ወሬው የማያልቅ ልጅ። ሰኔ ላይ እሱ አራተኛን ጨርሶ ይወጣል፣ እኔም ጡረታዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

የኖኤሚ ክፍል ከኔ ፊት ለፊት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ በየዕረፍቱ ሮጣ ትመጣና ፖጋቻዬን፣ ያችን ጨው ያላትን ትንሽ ዳቦ፣ እየበላች ከዦምቦር ጋር በሃንጋሪኛ ስትንጫጫ ክፍሌ ሰው ሰው ይሸት ነበር። አንድ በረዶ የጣለበት ቀን ግን ፖጋቻውን በእጇ እንደያዘች ቆመችና «አያቴ፣ አገር የለሽ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማነው ያለሽ?»

«ልጆቹ። ሃንጋሪዎች አገር የላቸውም አሉ።»

ደሜ ፈላ። የቅድመ አያትሽ አባት መቃብር እዚሁ መንደር ነው፣ የነሱስ የት ነው በያቸው፣ አልኳት። ኖኤሚ ግን ስለ መቃብር አልነበረም የጠየቀችኝ። ፖጋቻውን ሳትጨርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ በዕረፍት ሰዓት አልመጣችም።

ቤትም ተለወጠች። እኔ በሃንጋሪኛ «በላሽ?» እላታለሁ፤ እሷ በሮማንያኛ «በላሁ» ትለኛለች። እኔ በሃንጋሪኛ «ብርድ ነው፣ ኮፍያሽን አድርጊ» እላለሁ፤ እሷ በሮማንያኛ «አልበረደኝም»። ክሪና እንኳ በዚያ ስብርብር ባለ ሃንጋሪኛዋ «ለአያትሽ በቋንቋዋ መልሺ!» ብላ ትቆጣታለች። ሌቨንቴ አንገቱን ይደፋል። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ፤ የማውቀውን ሮማንያኛ ለግብር ቤትና ለፖስታ ቤት አስቀምጬ ለልጅቱ አንዲት ቃል አልወጣኝም። እሷ ትሰለቻለች እንጂ እኔ አልሰለችም፣ አንድ ቀን ትመለሳለች፣ እያልኩ።

ሰኔ ደረሰ። የሚጨርሱ ልጆቻችን ለስንብት ሰልፍ ሠርተው ነው የሚወጡት። እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ጓደኛው ትከሻ ላይ እጁን ያኖራል፤ ፖጋቻ፣ ጨውና ከደጃቸው የተዘገነ አፈር ያለባትን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አንግቶ፣ እየዘፈነ በየክፍሉ ይዞራል። እኔም በዚያው ኮሪደር ወጥቻለሁ፤ ሌቨንቴም። ዦምቦር ግን የማን ትከሻ ላይ እጁን ያኑር?

አቶ ኦቪዲዩ ራሱ ክፍሌ ድረስ መጣ። «ወይዘሮ ሮዛሊያ፣ ከኛ አራተኛ ክፍሎች ጋር ይሰለፍ። ደስ ይላቸዋል።»

«እነሱ ሲሄዱ ምንድን ነው የሚዘፍኑት?» አለ ዦምቦር።

«እነሱ አይዘፍኑም፤ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ እንከፍታለን።»

ዦምቦር ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ እኔ ከፊት ልሁን፣ እርስዎ ትከሻዬን ይያዙኝ። እርስዎም እኮ እየወጡ ነው።»

አቶ ኦቪዲዩ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። እኔም ለዦምቦር ከረጢቱን ሳነግትለት ቋጠሮው እምቢ አለኝ።

ወጣን። እሱ በቀጭኑ፣ እኔ በጎርናናው እየዘፈንን ኮሪደሩን ጀመርነው። ትከሻው ከእጄ በታች ትንሽዬ ነበረች። ድሮ የታናናሾቹ ክፍል አበባ ይዞ ይቀበለን ነበር፤ አሁን ታናናሽ የለንም፣ ያሉት ሁሉ ሮማንያኛ ክፍሎች ናቸው። ልጆቹ በወጉ ብድግ እያሉ አጨበጨቡልን። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ አንደኛ ክፍል ገባን። ኖኤሚ መስኮቱ ዘንድ ቆማለች። ያንን ዘፈን ከጨቅላነቷ ጀምሮ ዘፍኜላታለሁ፤ ከኔ እኩል ታውቀዋለች። ጫማዋን ታያለች። ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ በእግዜር እምላለሁ አየሁት። በአጠገቧ ሳልፍ አላስቻለኝም፤ ጠጉሯን ዳሰስ አድርጌ በሃንጋሪኛ «ጮክ በይ እንጂ የኔ ማር» አልኳት።

የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። ከንፈሯ ቆመ።

ዦምቦርን ግቢው ውስጥ ስሜ ለወላጆቹ አስረክቤ ስዞር፣ ቀሚሴን የሚጎትት እጅ ተሰማኝ። ኖኤሚ ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አያቴ፣ ልጆቹ ፊት እንደዚያ አታናግሪኝ» አለችኝ በሮማንያኛ። «ረስተውልኝ ነበር፤ ይኸው አሁን ሁሉም አስታወሱብኝ።»

ለዚህች ቀን ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ዘር ማንዘሯ፣ ስለ ቋንቋዋ፣ ስለ አባቷ፤ ሁሉንም አሰናድቼ ነበር። እሷ ግን ቀሚሴን እንደያዘች ናት። ልጅቱ እየለመነችኝ ነው። በሃንጋሪኛ ባባብላት ደግሞ አጠገባችን የሚጫወቱት ሊሰሙ ነው።

«እሺ የኔ ልጅ» አልኳት። «ሁለተኛ አይለመደኝም።»

በሮማንያኛ ነው ያልኳት። አፌ ላይ እንደ ግብር ቤት ወረቀት ደረቀብኝ፤ ግን አልኳት።

ኖኤሚ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቀችም። ከዚያ ወገቤ ላይ ተጠምጥማ ፊቷን ሆዴ ውስጥ ቀበረች። ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ አጥብቃ አቅፋኝ አታውቅም።