የፍሩሜት ጾም

በእኛ በአይሁዶች ወግ ሙሽራና ሙሽሪት በሠርጋቸው ቀን ዳሱ ሥር ቆመው እስኪባረኩ ድረስ እህል ውሃ አይቀምሱም። አውቃለሁ። ግን ያንን ወግ ያወጡት የጠገቡ ሰዎች ናቸው!

ፍሩሜት ከጀርመኖች ማጎሪያ ስትወጣ ሠላሳ ኪሎ አትሞላም ነበር። ዓመት ሙሉ በማንኪያ እየመገብኩ ሰው ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ሔንያ፣ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ፣ ከማጎሪያ የተረፍነው የተሰበሰብንበት ሰፈር ወጥ ሠሪ። ማንም በእጄ ላይ እንዳይራብ ምያለሁ። እሷ ግን በሠርጓ ጠዋት ገንፎዬን አልነካም አለች።

«ምነው? ጨው በዛ?»

«ጾም ነኝ፣ እትዬ ሔንያ። እናቴም ጾማ ነው የተዳረችው።»

«እናትሽ ደልዳላ ሴት ነበረች! አንቺ ዳሱ ሥር ተዝለፍልፈሽ ብትወድቂ አንሸል ማንን ሊያገባ ነው? እኔን?»

«ይሄን ቢሰማ እግሬ አውጪኝ ይላል» አለችና ሳቀች። ገንፎው ግን ቀዘቀዘ።

ንድድ አለኝ። ሽርጤን ሳልፈታ ሮጬ የሃይማኖት አባታችንን ረቢ ዘሊግን እጃቸውን ጎትቼ አመጣኋቸው። ሚስትና አምስት ልጆች ቀብረው እንኳ ቀልድ ያልተዋቸው ሰው ናቸው፤ ቀብረው ስል፣ መቃብር ካላቸው ነው።

«ልጄ፣ የደከመ ሰው ጾም የለበትም» አሏት። «አንቺማ አራት ዓመት ጾመሻል። የልጅ ልጆችሽንም ድርሻ ጨርሰሽላቸዋል። በይ ብዪ።»

ማንኪያውን አነሣሁ። የፍሩሜት ፊት ተለወጠ።

«ያ ጾም አልነበረም፣ ረቢ። ያኔ እነሱ ናቸው ያስራቡኝ። ዛሬ ገንፎው ፊቴ አለ፤ እጄን ብዘረጋ የሚመታኝ የለም። የዛሬው ረሃብ የራሴ ነው። እባካችሁ አትውሰዱብኝ።»

ረቢ ዘሊግ ዞር ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ሔንያ፣ ገንፎውን አንሺ» አሉኝ። «ራሷን ካዞራት ግን አፏን ፈልቅቀሽ አጉርሻት።»

ቀኑን ሙሉ እየተከተልኩ ፊቷን ሳይ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ እናት የሌላትን ልጅ ወደ ዳሱ ለመሸኘት ሰባት ሴቶች ተጋፋን፤ እኔ በክርኔ አሸነፍኩ። አልወደቀችም! አንሸል እንደ ወጉ ብርጭቆውን ረግጦ ሲሰብር ሰፈሩ በጭብጨባ ተናወጠ።

ወዲያው ሁለቱ ጾማቸውን ሊፈቱ ለብቻቸው ክፍል ገቡ። የዶሮ መረቅ አስገባሁላቸውና በር ላይ ተገተርኩ። አላፍርም።

«እትዬ ሔንያ!»

በርግጄ ገባሁ። ሳህኗ ገና ግማሽ ነው።

«ምን ሆንሽ? ልጨምርልሽ?»

«ኧረ በቃኝ፤ ጠገብኩ።»

ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ወጥ ስጨልፍ ይህን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም ሳህን ልሰን፣ ዳቦ ብብታችን ሥር ደብቀን ነበር የምንነሳው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ ግን ገና ነኝ» አለ አንሸል፤ የእሷን ሳህን ሳብ እያደረገ።

ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁና የሚጨፍረውን ሰው በጩኸት አስቆምኩት። «ሙሽራዋ ጠገበች!»

አኮርዲዮኑ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እስቲ እንደገና ንገሪን» አለኝ።