ከማቆሚያው አጠገብ የሚያድር ሰው

ወለተሐና ከደጇ ችካል ሲተከል ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ። በጎረቤላ ከተማ አውቶቡሱ የሚቆመው ከእሷ ሻይ ቤት ፊት ነው። ዘመኑ ደግሞ፣ ልብ በሉልኝ፣ ወጣት ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነበር። አንድ ልጇ ገብረአብ ከምልመላው ጠፍቶ ከሻይ ቤቱ ጓዳ ተሸሽጓል።

ችካል ተካዩ ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ የከተማ ፕላን ሊያወጣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አሳቡስ ለሰሚው ደግ ነበር። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ወፍጮውንም፣ ክሊኒኩንም በእግሩ እንዲያገኝ፣ በማቆሚያው ዙሪያ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ሰፈር ይሠራል አለ። ጥያቄው ነው እንጂ ክፉው! ያገኘውን ሁሉ፣ "ወዴት ነው? ማን ቤት ታድራለህ?" ይላል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሚልከው ደግሞ አገር ያውቃል።

ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉ፣ "ለቅሶ ልደርስ" ማለት ጀመረ።

ኡሙሀኒ እንኳ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬ በአህያ ጭና የመጣችው የወለተሐና ወዳጅ፣ "ለቅሶ ነው ወንድሜ" አለችው።

"በርበሬ ይዘሽ?"

"ሟቹ ወጥ ይወድ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።"

ወደ ወለተሐና ዞረ። "እትዬ፣ ከጓዳዎ ሰው ያድራል?"

"ጭድ ነው ያለበት፣ ልጄ። እኔም የማድረው ከእህቴ ዘንድ ነው።"

ይህን የሰሙ ጎረቤቶቿም ጓዳቸውን ሁሉ ጭድ ሞሉት፤ በአፋቸው።

በገበያ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ከዚያው ከማቆሚያው ሰበሰበ። ብርሃነ መስቀል ተነሣና፣ "እዚህ የሚያድር ሰው ስለሌለ፣ ማቆሚያውም ሰፈሩም ታች ከሜዳው ይሆናል" አለ።

ኡሙሀኒ ወለተሐናን ጎኗን ጎሸመቻት። "ተናገሪ እንጂ አንቺ! እንጀራሽ እኮ ነው የሚሄደው!"

ብርሃነ መስቀል አያት። "እትዬ፣ ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ። የሚያድር ካለ እዚሁ አስቀረዋለሁ። ገባ ብዬ ጓዳውን ማየት ብቻ ነው።"

ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነበር። የጎረቤቷን ልጆች ለውትድርና የወሰዷቸውም "ገባ ብለን እንይ" ብለው ነው የጀመሩት፤ ያውም እየሣቁ። ሊቀመንበሩ አንገቱን አስግጎ ወደ በሯ ይመለከታል።

"ጭድ ነው አልኩህ እኮ፣ ልጄ" አለች።

ከወር በኋላ አውቶቡሱ በደጇ ጡሩምባውን እየነፋ አልፎ ወደ ሜዳው ወረደ። ወለተሐና አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችና ገባች።

"እማዬ፣ ዛሬ አልቆመም?" አላት ገብረአብ ከጓዳ።

"አልቆመም።" ለመንገደኛ ያፈላችውን ሻይ ለእሱ ቀዳችለት። "ጠጣ፣ ሳይቀዘቅዝ። ድምፅህን ግን ቀንስ።"