ያልታየው ፎስፈረስ

ዘይዳ ይማም የጠበቀችው መልስ ሞጣ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ሳለች ደረሳት፤ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ በመጣ በአምስተኛው ደቂቃ። የአፈር ናሙና ከላከችበት የውጭ አገር ላቦራቶሪ የመጣላት ግራፍ ከዳር እስከ ዳር ዝርግ ነበር።

የዶክትሬት ጥናቷ የቢቸና ጥቁር አፈር ማዳበሪያውን ውጦ ለጤፉ የሚነፍገው ለምን እንደሆነ ነው። ፎስፈረሱ ከምን ጋር እንደተጣበቀ በኤንኤምአር ልታይ ነበር፤ የአቶም አስኳሎች በብርቱ ማግኔት ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነበው መሣሪያ። አፈሩ ግን ብረት ይበዛዋል። ኤሌክትሮኖች ሲጣመሩ ማግኔትነታቸው እርስ በርሱ ይሻራል፤ ብረት ውስጥ ግን ጥንድ ያላገኙ አሉ፤ የአንዱ ማግኔትነት ከአስኳል በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። አጠገባቸው ያለ ፎስፈረስ ምልክቱ ተለጥጦ ተለጥጦ ከመሣሪያው ጫጫታ ስር ይሰምጣል። አማካሪዋ "መጀመሪያ ብረቱን ለኪ" ብለዋት ነበር። እሷ ግን የመሣሪያው ተራ እንዳያልፋት ቸኩላ አፈሩን ሳትለካ ላከችው።

ከቀሪው አፈር ብረት የሚያንሰውን ብትመርጥ ገና ተስፋ ነበራት። ቀሪው ቢቸና ነው፣ ሰማው ቤት። የግብርና ባለሙያው ሰማው ሁለት ዓመት ከማሳ ማሳ በእግሩ ዞሮ አርባ ከረጢት ሰብስቦላታል፤ የየትኛው ማሳ እንደሆነ የሚናገረውም የእሱ ደብተር ብቻ ነው። ስልኩ አልነሳ አለ። በውጊያው ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ዕለት በሚኒባስ ሄደች።

በር የከፈቱላት እናቱ ወይዘሮ ወይንእሸት ከል ለብሰዋል። ዘይዳ እንዳየቻቸው ገባት።

"መቼ ነው፣ እማማ?"

"ወር አለፈው። ለሥራ እንደወጣ ተኩስ መሃል ገባ።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ስለ አፈሩ መጠየቅ ብታፍር፣ እሳቸው ራሳቸው አነሱት።

"ታጣቂዎች ቤቱን ሲፈትሹ ከረጢቶቹን አይተው 'ይህ ምንድን ነው፣ ባሩድ ነው?' አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ሲሄዱ ፈርቼ ሁሉንም ጓሮ ደፋሁት። ደብተሩንም አቃጠልኩት።"

ዘይዳ አንገቷን ደፋች።

"የለፋችሁበት ነገርስ ተገኘ፣ ልጄ?"

"አልታየም።"

"የለም ማለት ነው?"

"አለ፣ እማማ። ብረቱ አጠገቡ ስላለ መሣሪያው አያየውም። የሰማውን ልፋት ያባከንኩት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ።"

ወይዘሮ ወይንእሸት ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ አመድና ፍግ የተቀላቀለበት አፈር በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

"ይህ አይበቃሽም?"

ለምንም እንደማይሆን እያወቀች በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። "ይበቃኛል" አለች።

ሞጣ እንደገባች ጥናቱን ማቋረጧን ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች። አባቷ "ሌላ አፈር ጠፍቶ ነው?" ቢሏት፣ "አፈርማ ሞልቷል፣ አባ፤ ሰማው ነው የሌለው" አለች።